የመጀመሪያው ሰፈር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በገዳማችን ምሥራቃዊ አፋፍ፣ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ ተሳላሚዎች ዐረፍ ብለው ነፋስ የሚቀበሉበት ድንጋያማ ቦታ አለ። ሰማዩ በጠራ ጊዜ ከዚያ ሆኖ ቍልቍል የሚመለከት ሰው በመጀመሪያ የኢፋትን ሸንተረሮች፣ ከእነርሱ በታች የቆላውን ግራጫ ሜዳ፣ ከሁሉም በኋላ ምድርና ሰማይ የማይለዩበትን የአፋር በረሃ ያያል። «አባ፣ ከዚያ ወዲያ ምን አለ?» የሚለን ተሳላሚ ብዙ ነው። ከዚያ ወዲያ ዐዋሽ አለ፤ ከዐዋሽ ወዲያ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአሳል የጨው ሐይቅ፤ ከሐይቁ ወዲያ የታጁራ ወደብ፤ ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ኤደን አለች። ወደዚህች ከተማ ስም በኋላ እመለሳለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የመስከረም ጉዞ መቃረቡ ነው። በየዓመቱ ማኅበራት አውቶቡስ ተኰናትረው ይመጣሉ፤ እኛም ውኃና ጠበል፣ ማደሪያም አዘጋጅተን እንቀበላለን። በበር ቆሜ ስቀበላቸው ግን አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ከሚመጡት ብዙዎቹ ደክመው ብቻ ሳይሆን ተኰራርፈው ይደርሳሉ። ሁለት ቀን በአንድ መኪና ተቀምጠው የጎረቤታቸውን የክርስትና ስም የማያውቁ አሉ። ኃጢአቱ የእነርሱ ብቻ አይመስለኝም። መንገዱን ሲጀምሩ አንድ ነገር ጐድሎባቸዋል፤ እርሱም የመጀመሪያው ሰፈር ነው። ሰፈር ስል እንደ ዛሬ የከተማ መንደር ሳይሆን እንደ ቀድሞው፣ መንገደኛ ጭነቱን አራግፎ የሚያድርበትን ማለቴ ነው።

የባቡር ሐዲድ ከመዘርጋቱ በፊት የሸዋ በር በዚህ በኩል ነበር። ከኤደን በመርከብና በጀልባ የተጫነ ጨርቅ፣ መዳብ፣ ኋላም ጠመንጃ በታጁራ ወይም በዘይላ ይራገፋል፤ ከዚያ በግመል ተጭኖ በረሃውን ያቋርጣል፤ ኢፋት ሲደርስ ዳገቱ ለግመል የማይሆን ነውና በፋሬና በአልዩ አምባ ጭነቱ ወደ በቅሎ፣ ወደ አህያና ወደ ሰው ትከሻ እየተዛወረ ወደ አንኮበር ይወጣል። ከደጋው ደግሞ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ቆዳ ይወርድ ነበር። ሰውም ይወርድበት ነበር፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ተሸጠው የሚነዱት ምስኪኖች በየሰፈሩ ማታ ማታ ይቈጠሩ ነበር፤ ቈጣሪው ግን የሚቈጥረው ዋጋቸውን ነው።

የቀድሞ መንገደኞች የጻፉት ሲነበብ፣ ሲራራው በመጀመሪያው ቀን ሩቅ እንደማይሄድ ይታያል። በ1833 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1841፣ የእንግሊዞች የህንድ መንግሥት ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የላከው ካፒቴን ሐሪስ ከቦምቤይ ተነሥቶ በኤደን በኩል ታጁራ ወረደ። ስለ ግመል ብዙ ቀን ከተከራከረ በኋላ ጕዞ ተጀመረ ሲባል፣ የመጀመሪያው ሰፈር አምባቦ ሆነ። አምባቦ ከታጁራ በእግር ሁለት ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው። ለእንግዳ ሰው ይህ ስንፍና ይመስለዋል። አገሩን የሚያውቁት ግን በደኅናው ቦታ ሳሉ መሰናዳትን እንጂ መቸኰልን አይመርጡም፤ ወደ ፊት አሳል አለና። ሐሪስ የአሳልን ሐይቅ ሙቀቱን ሽሽት በሌሊት አልፎ ጥቂት እንደ ተጓዘ ሦስት ሰዎቹ በተኙበት ታርደው ተገኙ። ማን ከማን አጠገብ እንደሚተኛ፣ ማን እንደሚነቃ፣ ይህ ሁሉ የሰፈር ትምህርት ነው።

ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ደግሞ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ በ1885 መጨረሻ ከኤደን ታጁራ ተሻግሮ፣ እስከ ጥቅምት 1886 ድረስ በዚያው ተቀመጠ፤ ሸሪኩ ታሞ ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ፤ አብሮት ሊሄድ የነበረው ሌላው ነጋዴም ኤደን ላይ ሞተ። ራምቦ አንኮበር የደረሰው በየካቲት 1887 ነው። ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጥበቃ እንግዲህ ሰፈር አይባልም፤ መታሰር ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ነጋዴ የሚለው ስም ራሱ ከዚህ ሕይወት የወጣ ነው። በግእዝ ነገደ ማለት ሄደ፣ ተጓዘ ማለት ነው፤ ነጋዲም መንገደኛው፣ ስደተኛው፣ ተሳላሚው ሁሉ ነው። ዐማርኛው ቃሉን ለሚሸጥና ለሚለውጥ ሰው ብቻ አደረገው። ነጋድራስም ከገበያ ሹምነቱ በፊት የመንገደኞች ራስ ነበር፤ በፊታቸው የሚሄድ፣ ስለ እነርሱም የሚጠየቅ።

እኔ ራሴ ይህን የተማርሁት በመጽሐፍ አይደለም። በ1963 ዓ.ም. የዐሥራ አራት ዓመት ተማሪ ሳለሁ የኔታን አስፈቅጄ ግሸን ማርያምን ልሳለም ተነሣሁ። ሳልሞት ግማደ መስቀሉ ያረፈበትን አምባ ልይ የሚል ምኞት በልጅነቴ ነበረኝ፤ የኔታም ብቻህን አትሄድም ብለው ወደ ወሎ ከሚያልፉ ሲራራ ነጋዴዎች ጋር አገናኙኝ። ዐሥራ አንድ አህያ፣ ሁለት በቅሎ፣ ከነጋዴዎቹና ከእኛ ከተሳላሚዎቹ ጋር ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ነበርን። መሪያችን ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሹመቱ ባይኖራቸውም ሁሉም ነጋድራስ ይላቸዋል። ደበሎዬን ለብሼ፣ አኮፋዳዬን አንግቼ፣ በሶዬን በስልቻ ይዤ ከሁሉ ቀድሜ ተገኘሁ።

ከቀትር በኋላ ተነሣን። እናቴና ጎረቤቶቻችን እያለቀሱ እስከ ወንዙ ሸኙን። ወንዙን ተሻግረን አንዲት ኮረብታ እንደ ዞርን ሽማግሌው «ጫን አውርዱ!» አሉ። የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ጕልላት ገና ይታያል፤ የመንደሩ ውሻ ሲጮኽ ይሰማል። እኔ በንዴት ተቃጠልሁ። ከቤት የወጣነው እዚህ ለመስፈር ነውን? አፌን መግታት አቅቶኝ «አባባ፣ ፀሐይዋ እኮ ገና ናት» አልኋቸው። ሽማግሌው ፊቴን አይተው ሲያበቁ «እንጨት ለቅመህ ና» ብቻ አሉኝ።

ያቺ ሌሊት ለእኔ ጉባኤ ቤት ሆነችልኝ። ጭነቱ ሲወርድ የአንዲት አህያ ጀርባ መላላጡ ታየ፤ ግላሱ ተጣጥፎ ኖሯል። በማግስቱ ሙሉ ቀን ተጭና ብትሄድ ገጣባ ሆና በሦስተኛው ቀን ገደል ላይ ትቀር ነበር። ሁለት ጭነት ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ነበርና ተፈትቶ እንደ ገና ታሰረ። አንዱ ነጋዴ መጫኛ መርሳቱን ያወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ልጁን ወደ መንደር ልኮ አስመጣ። የእኔ ስልቻ ከታች ተቀድዶ በሶዬን በመንገድ ሁሉ ስዘራ መምጣቴን አንዲት ሴት አሳየችኝና በጠፍር ሰፋችልኝ። አብረውን የተነሡ አንዲት ባልቴት ደግሞ ሌሊቱን ጕልበታቸውን ሲያሹ ዐድረው «ልጆቼ፣ አልችለውም፤ ስለቴን አድርሱልኝ» ብለው ሻማቸውን ሰጥተውን ንጋት ላይ ተመለሱ። ከቤታቸው አንድ ሰዓት ርቀት ላይ ነበሩና መመለሱ አላሳፈራቸውም። አምስት ቀን ከሄዱ በኋላ ቢሆን ኖሮስ?

ጎሕ ሲቀድ እናቴ እየሮጠች መጣች። ዳዊቴን ረስቼ ነበር። ከነማኅደሩ በራስጌዬ ተንጠልጥሎ አግኝታው ሌሊቱን እንዴት እንዳደረች እርሷ ታውቃለች። ሩቅ ሰፍረን ቢሆን ሳልደግም ግሸን እደርስ ነበር፤ ዳዊቱም እነሆ እስከ ዛሬ በእጄ አለ።

በዚያችው ማታ ሥራው ተከፋፈለ። ውኃ የሚቀዳው፣ እሳት የሚያነደው፣ ሌሊት በየተራ የሚጠብቀው ተለየ። ማን በፊት እንደሚሄድ፣ ማን ደጀን ሆኖ ከሁሉ ኋላ እንደሚቀር ተነገረ። ደጀኑ ወጣት አልነበረም። ወጣት ይሰለቻል፤ ዘገምተኛውን ትቶ ይቀድማል፤ ስለዚህ ደጀን የሚሆነው ጕልበት ያለው፣ ቍጣው የበረደለት ሰው ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው አፈ ሰፊ ቅል አምጥተው እያንዳንዳችን አንዳንድ ጠጠር አንሥተን እንድንጨምር አዘዙ። በአገራችን ሰው መቍጠር አይወደድም፤ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በቈጠረ ጊዜ የመጣው መቅሠፍት በሁላችን ልብ አለ። ሽማግሌው ግን ሰው አልቈጠሩም፤ ሰው ራሱ ጠጠሩን አኖረ እንጂ። ንጋት ላይ የባልቴቷን ጠጠር ራሳቸው አውጥተው ወንዙ ዳር አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ በየሰፈሩ ማታ እያንዳንዱ አንዳንድ ጠጠር ያወጣል፣ ጧት ይመልሳል። በቅሉ ውስጥ ጠጠር ከቀረ እራት አይቀርብም። በስድስተኛው ቀን አንድ ጠጠር ቀረና ሁለት ሰው ችቦ ይዞ ተመለሰ፤ እግሩ የወለቀ አንድ ጐልማሳ ተሳላሚ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተገኘ። በበቅሎ ጭነን ለመስከረም 21 አደረስነው።

መጻሕፍትን ማንበብ ከጀመርሁ በኋላ ይህ የሽማግሌው ሥርዐት በመጽሐፍ ቅዱስም እንዳለ አየሁ። ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም የሚመለሱትን ሰብስቦ በአኅዋ ወንዝ አጠገብ ሦስት ቀን አሰፈራቸው። አራት ወር ለሚፈጅ መንገድ የሦስት ቀን ሰፈር። በዚያ ሕዝቡን ሲመለከት ከሌዊ ልጆች አንድም እንደሌለ ተገነዘበ፤ ልኮም አስመጣ። ጾም ዐወጀ፤ ብሩንና ወርቁን መዝኖ በካህናቱ እጅ ሰጠ። በአኅዋ ባይሰፍር ኖሮ ሌዋውያን አለመኖራቸውን የሚያውቀው ቤተ መቅደሱ በር ላይ ደርሶ ነበር። እስራኤልም ከራምሴ ወጥተው በመጀመሪያ የሰፈሩበት ሱኮት ይባላል፤ ትርጓሜውም ዳሶች ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ቅዱስ ሉቃስ የጻፈው ነው። እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ከበዓሉ ሲመለሱ ሕፃኑ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። በዘመድና በወዳጅ መካከል ፈለጉት፤ አጡት። መምህራን ይህን ሲያትቱ ወንዶች ለብቻ ሴቶች ለብቻ ይሄዱ ነበርና ዮሴፍ ከእርሷ ጋር ነው ሲል፣ እርሷም ከዮሴፍ ጋር ነው ስትል ነው ይላሉ። መታጣቱ የታወቀው በመጀመሪያው ሰፈር ነው። እዚያ ባያድሩ ኖሮ ሁለተኛውንም ቀን ይሄዱ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ እኛ በሁለት አውቶቡስ ይመጣ የነበረ አንድ የጉዞ ማኅበር አንዲት አሮጊት እናት ምሳ ከበሉበት ከተማ ጥሏቸው መጣ። በመጀመሪያው አውቶቡስ ያሉት ከእኅታቸው ልጅ ጋር ሊሆኑ ወደ ሁለተኛው የተዛወሩ መሰላቸው፤ የእኅታቸው ልጅ በመጀመሪያው ያሉ መሰላት። እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። በር ላይ የመዘገብነው አውቶቡሶቹን እንጂ ሰዎቹን አልነበረም። እኒያ እናት አለመኖራቸው የታወቀው ማታ፣ ምንጣፍ ሲታደል፣ አንድ ምንጣፍ ሲተርፍ ነው። አንዲት ደግ ሻይ ሻጭ ቤቷ አስቀምጣ አብልታ ስላቈየቻቸው እግዚአብሔር ይመስገን በማግስቱ ደረሱ። ተቈጥተው እንደሆነ ብንጠይቃቸው «ማን ላይ እቈጣለሁ? ማንንም አላውቅም እኮ» አሉ።

አሁን ወደ ኤደን ልመለስ። ባለፈው ክረምት አንዲት የሰንበቴ እናት በእጅ ስልኳን እንደ ታቦት በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ፣ እያለቀሰችም እየሣቀችም መጣችና «አባቴ፣ ልጄ ኤደን ገባ!» አለችኝ። አጠገቤ የነበሩት እማሆይ ጆሯቸው የደከመ ነው፤ ኤደን ሲባል አባታችን አዳም የወጣባት ገነት እንጂ ሌላ አያውቁምና አማትበው «ነፍሱን በአጸደ ገነት ያኑርልሽ፣ ልጄ» አሏት። እናቲቱ በድንጋጤ ጮኸች። እማሆይን በጆሯቸው ተጠግቼ የዐረብ አገር ወደብ ናት፣ ልጁም በሕይወት አለ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ።

ልጁ እዚሁ ገዳም ዳዊት የደገመ፣ ሰዓታት ሲቆም ድምፁ የሚያምር ዲያቆን ነበር። ሲሄድ ለእናቱም ለእኔም አልነገረም። ከእናቱ ስልክ ደውለን አነጋገርሁት። ያለበት ቦታ ሰላሕ አድ-ዲን ይባላል፤ ከኤደን በስተ ምዕራብ፣ በባሕሩ ዳር፣ የቡረይቃ ነዳጅ ማጣሪያ ከሩቅ የሚታይበት ሰፈር ነው አለኝ። መንገዱን ሲነግረኝ ያ የጥንቱ መንገድ ሆኖ አገኘሁት፤ ዛሬ ግን ወደ ታች ነው የሚነጐደው። ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ የሚነሡት ወጣቶች በአፋር በኩል ጅቡቲ ይገባሉ፤ የአሳልን ዳር ይዘው ወደ ታጁራ፣ ከዚያም ወደ ኦቦክ በእግር ይሄዳሉ፤ በጀልባም ወደ የመን ይሻገራሉ።

አነሣሡን ጠየቅሁት። በሌሊት በመኪና ተጭነው፣ መብራት ጠፍቶ፣ ዝም በሉ እየተባሉ ነው የተነሡት። የሸኛቸው የለም። ሃያ ሦስት ነበሩ፤ ይህንንም ያወቁት ደላላው ገንዘቡን ሲቀበል በእጁ እየነካ ስለ ቈጠራቸው ነው። ከመኪናው ወርደው በእግር ሲጀምሩ የመጀመሪያው ጕዞ ያላንዳች ዕረፍት ሌሊቱን ሙሉ ሆነ። ጫማው የማይሆነው ማን እንደ ሆነ፣ ውኃ ያልያዘው ማን እንደ ሆነ፣ ታሞ የተነሣው ማን እንደ ሆነ አልተጠየቀም። ደጀን የለም። ወደ ኋላ ቢመለከቱ ይመቷቸዋል። ከባሕሩ ማዶ በሌሊት ዳርቻ ላይ ጥለዋቸው ጀልባው ተመለሰ፤ እነርሱም ፀሐይ ወደምትወጣበት ባሕር ባሕሩን እየተከተሉ ሲሄዱ ሰላሕ አድ-ዲን ደረሱ፤ አንድ የፈረሰ ግንብ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«አባ፣ እርስ በርሳችን የተያየነው እዚያ ነው» አለኝ። «ዐሥራ ሰባት ነበርን። እገሌስ ብዬ አንዱን ብጠይቀው ካንተ ጋር መስሎኝ አለኝ። እኔ ደግሞ ከእርሱ ጋር መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራንም። ስለ እነዚያ ስድስት የሚያውቀውን ሁሉ ቀስ ብሎ እንዲነግረኝ አድርጌ ጻፍሁ። አንዱ ከአሳል ወዲህ እግሩን ያመው ነበር። ሁለቱ ኦቦክ ሲደርሱ ነበሩ ይላል፤ ጀልባ ላይ ግን አላያቸውም። ሌሎቹን መቼ እንዳጣቸው አያውቅም።

ወደዚህ ገዳም የምትመጡ ማኅበራት ሁሉ፣ ዘንድሮ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ከከተማችሁ ከወጣችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ባገኛችሁት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቁሙ፤ ሁሉም ይውረድ። ስማችሁን ተነጋገሩ፤ ለየዐሥሩ ሰው አንድ ጠያቂ ይኑር፤ መድኃኒት የረሳ፣ ስንቅ የጐደለው፣ ጤና ያጣ ያን ጊዜ ይታወቅ፤ መመለስ የሚሻ ሳያፍር ይመለስ። ጸሎተ ፍትሐት ሳይሆን ጸሎተ መንገድ አድርሱና ተነሡ። ሰዓቱ ይመሽብናል አትበሉ። እኛም ከእንግዲህ በር ላይ የምንመዘግበው ሰውን ነው፤ ጠጠሩንና ቅሉን እኔ አዘጋጅቻለሁ።

ስለ ስድስቱ ልጆች አባቶች ተነጋግረንበታል። ከቤተሰቦቻቸው አንዳንዶቹ ፍትሐት ይደረግልን ብለው መጥተው ነበር። አንዳንድ እናት ደግሞ ይህን ስትሰማ ልቧ ይሰበራል። ሞታቸውን ያየ የለምና ፍትሐት አላደረስንም። በቅዳሴ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ስለ ነጋድያን፣ ስለ መንገደኞች፣ ትጸልያለችና ስማቸውን በዚያ እንጠራለን፤ እውነቱ እስኪታወቅ ድረስ በመንገድ ላይ ናቸው። የአራቱን የክርስትና ስም አግኝተናል። ሁለቱ ከደቡብ ወሎ የመጡ ወንድማማች ናቸው፤ ታናሹ በቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፣ ታላቁ መሰንቆ ይጫወት ነበር ይላል ዲያቆኑ። የክርስትና ስማቸውን ግን አልነገሩትም፤ እርሱም አልጠየቃቸውም። ልጆቹን ወይም ወላጆቻቸውን የሚያውቅ ተሳላሚ ካለ ስማቸውን በዕቃ ቤት በኩል ይንገረን፤ ቦታውን ክፍት ትተንላቸዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።